አልተረጉምም ያሉት ተርጓሚ

ሰው አላምንም። እንጀራዬም ከዚሁ ነው፦ የኤሌክትሪክ ዕቃ መመሪያ ከስፓኒሽ ወደ ደች የሚመልሱ ተርጓሚዎች እየፈለግኩ አጣራለሁ። ሁሉም "የሃያ ዓመት ልምድ" ብሎ ይመጣል፤ ገሚሱ አምፖል እንኳ ቀይሮ አያውቅም። ስለዚህ መፈተኛው ገጽ ላይ ሆን ብዬ አንድ አደገኛ ስህተት እቀብራለሁ። አስተውሎ ያነበበ ይጠይቀኛል፤ ያልጠየቀ ይሰናበታል። የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን የሆነው ታናሽ ወንድሜ "አንቺ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ" እያለ ያሾፍብኛል።

ሳልፈትን ያሳለፍኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈጣኑ እንለዋለን። ባለፈው ወር ሥራ ሲደራረብብኝ ለወንድሜ ፋብሪካ የሚላከውን የሞተር መቆጣጠሪያ መመሪያ በሁለት ቀን አድርሶልኝ ነበር፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ደስ ብሎኝ መረቅኩት።

ዛሬ ጠዋት ከዚያው መመሪያ አንድ ገጽ ወስጄ፣ የመሬት ሽቦውን ቦታ አዛብቼ የትርጉም ሥራ ለጠየቁኝ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

"ልጄ፣ ይሄን አልተረጉምም። ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይገድላል።"

"ሁለት?" የቀበርኩት አንድ ነው። አዋቂ ለመምሰል የፈጠሩት መሰለኝ።

"አንዱ የመሬት ሽቦው ነው። ሌላው፣ 'አጥፍታችሁ አምስት ሰከንድ ከጠበቃችሁ በኋላ ንኩት' ይላል። ይሄ ዕቃ ጠፍቶም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ነው።"

ተጠራጥሬ የስፓኒሹን መመሪያ ገለጥኩ። አምስት ሰከንድ፤ ከአምራቹ የመጣ ስህተት። የፈጣኑን ደች ገለጥኩ። እዚያም አምስት ሰከንድ። ወንድሜ ትናንት ማታ "ነገ ያንን መቆጣጠሪያ እፈታዋለሁ" ብሎኝ ነበር።

ደጋግሜ ደውዬ በሦስተኛው አነሳ።

"ምነው እታለም? ሥራ ላይ ነኝ እኮ።"

"ከፈትከው?"

"አሁን አጥፍቼ ክዳኑን አነሳሁት። እጄን ላስገባ ስል ነው የደወልሽው።"

"እንዳትነካው! መጀመሪያ ለካው!"

"አምስት ሰከንድ ጠብቄያለሁ፣ መመሪያው..."

"በእናትህ ለካው!"

መለኪያውን ሲያነሳ ሰማሁ።

"ስድስት መቶ ቮልት" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"እጅህን አርቅ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቅ" አልኩት።

"ሌላ ጊዜ ሳልለካ አልነካም" አለኝ። "ዛሬ መለካቱን የተውኩት መመሪያው ካንቺ ቢሮ የወጣ ነው ብዬ ነው። አንቺ ሰው አታምኚማ።"