በሩ የት ይቁም

በያጁ ዶማውን ሊያነሳ ሲል ሚስቱ ከጀርባው ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው፤ ጆሮው ውስጥ መብረቅ ወረደ።

"ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ የማኅበራችን የዕለቱ ዜና። የመግቢያው በር ዛሬ ይተከላል። ዶማ ያለው ዶማውን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይዞ ይውጣ። ወሬ ብቻ ያለው ቤቱ ይቀመጥ።"

ይህች ሴት የማኅበሩ ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ በሰፈሩ ረፋድ ድረስ የተኛ ሰው የለም። ድምፅ ማጉያዋ ሦስት ሰፈር አልፎ ሕፃን ያስለቅሳል። በሩም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ ባሏ በገዛ እጁ የበየደው፣ ታንክ እንኳ ቢመጣ ይቅርታ ጠይቆ የሚመለስበት በር ነው።

ማኅበሩ የወሰነው በሙሉ ድምፅ ነበር። ከአስፋልቱ እየታጠፉ በጠባቧ መንገድ የሚያቋርጡ መኪናዎች ከእንግዲህ አይገቡም፤ በሩ የሚከፈተው ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ብቻ ነው። በያጁ ያን ቀን በስሜት ሁለቱንም እጆቹን አውጥቷል። የእሱም ብረት በጭነት መኪና እንደሚመጣ ትዝ ያለው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

አሁን ዓለም ሁሉ ወጥቶ ዶማውን እያየ ነው። መንገዱ አፍ ላይ የእማማ ቤት አለ፤ ቀጥሎ የእሱ መበየጃ ቤት፤ ከዚያ የሌላው ሰው ሁሉ።

"ከመበየጃህ ወዲያ፣ ወደ ውስጥ ገባ አድርገህ ትከለው" አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ፀጉር አስተካካዩ። "መኪናህ እንደ ልቡ ይገባል፤ እኛም ውስጥ እንሆናለን።"

"እማማስ?" አለች ሚስቱ። "በሩን ዝግ ያገኘ ሹፌር ሁሉ መኪናውን የሚያዞረው እሳቸው ግድግዳ ላይ ነው።"

"እማማ እኮ አንድ ሰው ናቸው።"

እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ከበያጁ ጋር በብረት መቁረጫው ጩኸት የተጣሉት ጠብ የስንቱን ሽማግሌ ፀጉር አሸብቷል።

"እኔን ተዉኝ" አሉ። "መኪና ገጭቶ ይሄዳል። ይሄ ሰውዬ ግን ብረት በቆረጠ ቁጥር ጥርሴን አብሮ ይቆርጠዋል።"

"ጥርስ አለዎት እንዴ፣ እማማ?"

"አንተው አይደለህ የጨረስካቸው።"

ሰዉ ሳቀ። በያጁም እየሳቀ ዶማውን ይዞ ከመበየጃው ወዲያ አለፈ። ቦታው ለስላሳ አፈር ነው፤ በማንኪያ ይቆፈራል። ሚስቱ ማጉያውን ዝቅ አድርጋ ተጠጋችው።

"ከዚህ ብትተክለው ማንም አይወቅስህም" አለችው በሹክሹክታ። "እኔም እንጀራችን መሆኑን አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ለምን እንዲህ ታይኛለሽ?"

"እኔ አንተን መች አየሁ።"

የምታየው የእማማን ግድግዳ ነበር። ዞሮ አየ። ስንጥቁ ድመት ሳትጎነበስ የምታልፍበት ሆኗል። በስንጥቁ ውስጥ የእማማ አልጋ ታየው፤ ከግድግዳው ርቆ ክፍሉ መሀል ብቻውን ቆሟል። መኪና ገጭቶ ይሄዳል ያሉት ሴትዮ በጩኸቱ ላይ ስንት ክስ ሲያቀርቡ፣ አልጋቸውን ማሸሻቸውን ግን ለአንድ ሰው አልተናገሩም።

በያጁ ወደ መንገዱ አፍ ተመልሶ ዶማውን ከእማማ ግድግዳ ማዶ፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ አሳረፈው። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ ሰማይ ነካ።

"እዚህ ነው" አለ።

"ብረትህን በምን ልታስገባ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"አስፋልቱ ላይ ይራገፋል። እኔ በጋሪ እገፋዋለሁ። ጎማ አላጣም።"

"ያን ሁሉ ብረት? ወገብህ ይቀነጠሳል።"

"ወገቤን ተወውና አካፋውን አቀብለኝ።"

ከዚያ በኋላ የተቆፈረው ጉድጓድ ጉድጓድ አይባልም። ትንሽ ቢቀጥሉ ኖሮ ከምድር ማዶ ብቅ ብለው ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሸሚዙን አውልቆ ድንጋይ አጋዘ። ከሰዓት በኋላ በሩ ቆመ፣ ተቆለፈም። ሚስቱ ማጉያውን አነሳች።

"ተጨማሪ ዜና። የበያጁ ደንበኞች ዕቃችሁን አስፋልቱ ዳር አውርዱ። ጋሪ ይመጣላችኋል።"

"ጋሪው ደግሞ ይንጫጫል?" አሉ እማማ ከደጃቸው።

"እንዴታ፣ እማማ። ከመቁረጫው ይብሳል።"

"ታዲያ ከመኪናው በምን ተሻልክ?"

በያጁ መበየጃ ቤቱ ገብቶ ለጋሪው የሚሆኑትን ሁለት አሮጌ ጎማዎች አወጣ፤ የግራሶውን ቆርቆሮ ከፍቶ በጣቱ ዛቀና መሀላቸውን ይቀባ ጀመር።