ብርድ ላይ የወጣችው ቱልሲ

ሥርጉት በቂም የምትታማ ሴት አልነበረችም፤ ካምላ ግን አስተማረቻት።

ሥርጉትና ሕንዳዊቷ ካምላ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የሥርጉት ታናሽ ወንድም ይመር በስደት ተንከራትቶ ቶሮንቶ ሲገባ ሳሎኗ ውስጥ አስተኛችው። ካምላ ሆዬ፣ የኪራይ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ወንድ እዚያ ቤት ያድራል ብላ ለሕንጻው አስተዳደር ሪፖርት አደረገች። ይህንንም ለሥርጉት የነገራት የሕንጻው ጠባቂ ነው። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ከከተማው ማዶ ኢቶቢኮ አንድ ምድር ቤት ገባ፤ ከዚያ ሳይሰናበታት ጠፋ። ስልክ የለ፣ ድምፅ የለ። እናታቸው ከአገር ቤት በደወሉ ቁጥር ሥርጉት «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እያለች ትዋሻለች። ካምላ ይህን አድርጋ እንዴት ይቅር ትባላለች?

በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ የገና ጾም እንደገባ፣ ያቺው ካምላ በሯን አንኳኳች። ምንም እንዳልሠራች ሁሉ! ባሏ ቫንኩቨር ልጃቸውን ሊጠይቅ ሄዶ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ መሄዷ ነው። ቁልፍ ዘረጋችላት።

«ቱልሲዬን ውሃ አጠጪልኝ። ሥጋ የነካ እጅ እንዲነካት አልፈልግም፤ አንቺ ደግሞ ጾም ላይ ነሽ።»

ቱልሲ በሶብላ የምትመስል ተክል ናት። ካምላ ጠዋት ጠዋት ታጥባ ትሰግድላታለች፤ ለእሷ አምላክም እናትም ናት። ሥርጉት እሺ ብላ ቁልፉን ተቀበለች። እሰይ፣ አለች በሆዷ፣ ራሷ እጄ ላይ ጣለችልኝ።

ታክሲው እንደሄደ ገባች። ተክሏ መስኮት ሥር ቀይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ቅጠሏን ስትነካው ጠረኗ ያው የበሶብላ ሆነባትና እጇን ለአፍታ ሰበሰበች። «ይመርንም ሞቆት ነበር» አለችና ከነማሰሮዋ በረንዳ ላይ አውጥታ በሩን ዘጋችባት። በማግስቱ ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። መልሳ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት፤ ደስም አላት። ደስ አላት ስል፣ እስከ እራት ድረስ ነው።

ካምላ ስትመለስ ሥርጉት ለቅሶዋን ለመስማት ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ለቅሶ የለም። ይልቁንስ በሩ ተንኳኳ። ካምላ ጣፋጭ በሳህን ይዛ ጎንበስ አለችና እንደ አገሯ የአክብሮት ወግ የሥርጉትን እግር ነካች።

«ባሌ ዓይኑን ገለጠ። ነገ ቀዶ ጥገና አለው፤ ልብስ ይዤለት ዛሬውኑ እመለሳለሁ። ቤት ላይ ሞት ሲመጣ ቱልሲ ቀድማ ትደርቃለች ይባላል እኛ ዘንድ። ባሌን ተክታ ሞተችልኝ። አሁን አልፈራም። አንቺ በንጹሕ እጅሽ ስለያዝሻት ነው፣ እህቴ።»

የሥርጉት ደም ፈላ። ምርቃት! ለዚህ ነው እንዴ የደከመችው?

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። «ብርድ ላይ አውጥቼ። ማንንም አልተካችም።»

ካምላ ቀስ ብላ ቀና አለች። ሥርጉት ስትመኘው የከረመችው ፊት ያ ነበር፤ ደም የሚባል አልቀረበትም።

«ታዲያ ባሌ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። «ምን በድዬሽ ነው?»

«ስለ ይመር ነው» አለች ሥርጉት፣ እያንዳንዷን ቃል ረገጥ አድርጋ።

ካምላ እንባዋን ሳትጠርግ ትኩር ብላ አየቻት።

«ይመር ማን ነው?»