ሔራን ሁለት ያዘች

እማማ የሺወርቅ ያን ቀን ጠዋት ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለውን ሕንፃ በእልልታ ያናወጡት በስህተት ነው። ስህተቱ ግን የሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የልጅ ልጃቸው የሔራን ነው።

ሔራን ሮም ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋን አሳምራ ትናገራለች፤ ውስጡ ግን ጣልያንኛ ነው። የምትማረው አሜሪካኖች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ተወዳድራ በነጻ ነው የገባችው። ዕለቱ ኦኒሳንቲ፣ የጣልያኖች የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ትምህርት የለም። እናቷ መዓዛ ግን የምትንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራ በዓል ስለማያውቁ ሥራ ሄዳለች። ሔራን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ የአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከቻ ትሞላለች። የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነው። እማማ ከፊት ለፊቷ ምስር ይለቅማሉ፤ ዓይናቸው ግን ከምስሩ ይልቅ እሷ ላይ ነው። ቁርስ አልበላችም። ደግሞ ታቃስታለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ምንም፣ እማማ።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ጥፍሩን ይበላል?»

ሔራን ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። «ባለፈው ግንቦት የተፈተንኩት ከባድ ፈተና ነበር አይደል? ከፈለግሽ ውጤቱን እዚህ ጻፊ ይላል። ታሪክ አራት ያዝኩ።»

እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ። አራት! «አይዞሽ፣ እሱም ደህና ነው» አሉ እንደ ማጽናናት።

«ኬሚስትሪ ደግሞ ሁለት ያዝኩ።»

ጣልያኖች ተፈትነው ውጤት «ይይዛሉ»፤ ሔራን ቃሉን እንዳለ ነው ወደ አማርኛ ያመጣችው። እማማ ግን ደብረ ብርሃን እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲማሩ የሚያዘው ደረጃ ነበር። ሁለተኛ የያዘ ልጅ ሰልፍ ፊት ተጠርቶ፣ ደብተር ተሸልሞ፣ እስኪያፍር ይጨበጨብለታል።

ምስሩ ተበተነ። «እልልልልል!»

የታች ቤቱ ባንግላዴሻዊ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለና «ሲኞራ! ቱቶ ቤኔ?» ብሎ ደህንነታቸውን በጩኸት ጠየቀ። ሔራን ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ በረንዳው ሮጠች። እሷ እስክትመለስ እማማ ፒኜቶ ሰፈር ለሚኖሩት፣ ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ አጠገባቸው ለሚቆሙት ለወይዘሮ ጣይቱ ደውለው ጨርሰዋል።

«ኬሚስትሪ ሁለተኛ! የእኔ ሔራን!»

«እሰይ! ከስንት ተማሪ?»

«እሱን አልጠየቅኋትም። ቆዪ፣ አትዝጊ።»

ሔራን ፊቷ ቀልቶ ገብታ ተቀመጠች። «እማማ፣ ለምን እልል አሉ? እኔ እኮ ልተወው ነው።»

«ምኑን?»

«ኬሚስትሪውን። አራቱን እጽፋለሁ፣ ሁለቱን እደብቀዋለሁ።»

እማማ ግንባሯን በመዳፋቸው ነኩ። ትኩሳት የለም። «አራቱን ጽፈሽ ሁለቱን ትደብቂያለሽ? ዓይን ፈርተሽ ነው? አሜሪካ ያለ ሰው ምን ዓይን አለው?»

«ዓይኔ ደህና ነው» አለች ሔራን ግራ ገብቷት።

ከስልኩ ውስጥ የወይዘሮ ጣይቱ ድምፅ መጣ። «ከስንት ነው በያት እንጂ!»

«ሔራኔ፣ ሁለት የያዝሽው ከስንት ነው?»

«ከአምስት።»

እማማ ወንበራቸው ላይ ዘርፈጥ አሉ። «አምስት ልጆች ብቻ ናችሁ? ያ ሁሉ ሕንፃ፣ ያ ሁሉ ዘበኛ፣ ለአምስት ልጅ?»

ሔራን አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ገባት። ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ ወንበሩንም እሷንም ይዞ ወለሉ ላይ ከምስሩ ጋር አነጠፋት። «ደረጃ... ደረጃ አይደለም እማማ! ማርክ ነው! ከአምስት ማርክ ሁለት!»

«ከአምስት ሁለት?» አሉ ወይዘሮ ጣይቱ። «እንግዲያው ወድቃለች በይኛ!»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ያዢ!» እማማ ስልኩን ጠረቀሙት። ከዚያ እሳቸውንም ሳቁ ያዛቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎስጉሰው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «አራተኛ አይዞሽ ብዬ! ወይ እኔ!» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ቀና ሲሉ ግን የሔራን እንባ የሳቅ አልነበረም።

«ካልጻፍኩት፣ ኬሚስትሪ መማሬ ትምህርት ቤቱ የሚልከው ወረቀት ላይ ስላለ ለምን ባዶ ተወችው ይላሉ። ከጻፍኩት ደግሞ ሰነፍ ናት ይላሉ። ስኮላርሺፑን ካልሰጡኝ መሄድ የለም። መምህሬም ምርጫው ያንቺ ነው ብላ ተወችኝ።»

እማማ በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት። «የእኔ ጥፋት ነው። ለፈተናው ዋዜማ ያን ተልባ ምን ብዬ አጠጣሁሽ!»

«ተልባው ሆዴን ነው የነካው እንጂ ኬሚስትሪውን አይደለም!»

«አንድ ነው። አሁን ፎርሙ የሚለውን በደንብ ንገሪኝ። ግዴታ ነው?»

«አይደለም። ማሳወቅ የምትፈልጊውን ነው የሚለው።»

«ሳትጽፊው ብትቀሪ ዋሸሽ ይሉሻል?»

«አይሉኝም።»

«አሎራ፣ እንግዲህ ስሚኝ። እኔ እዚህ አገር ሃያ ስምንት ዓመት በየቢሮው መስኮት ተሰልፌአለሁ። አንድ ጊዜ ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ አራት ወረቀት አምጪ ሲሉኝ፣ ጎበዝ ልባል ብዬ አምስተኛ ጨመርኩ። ስለ አምስተኛዋ ጠየቁኝ። የእሷን መልስ ፍለጋ ስምንት ወር ዞርኩ። ያልጠየቁሽን ምን ብለሽ ትሰጫቸዋለሽ?»

«ቢጠይቁኝስ?»

«ያኔ ሳታፍሪ ሁለት ነው በያቸው። ተልባውንም ንገሪያቸው።»

ሔራን በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠርጋ እንደገና መሳቅ ጀመረች። ወንበሯን አንስታ ተቀመጠችና የታሪኩን አራት ጻፈች። የኬሚስትሪውን ቦታ ነካችው፣ ተወችው፣ ደግማ ነካችው፣ ባዶውን ተወችው። እማማ ትከሻዋን ያዙ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና «ላክ» የሚለውን ተጫነች።

ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የወረቀት ብጭቅጫቂ እንደ ሠርግ ቤት ከላይ ይዘንብ ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንኳን ደስ ያለሽ እያለኝ ነው፣ ማመልከቻሽ...»

«ተቀበሉሽ!»

«ኧረ እማማ፣ ስለላክሁት ብቻ ነው! መልሱ ገና ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው! ስልኩን ያስቀምጡት!»

እማማ ግን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በጠረጴዛው ዙሪያ ይሸሿት ነበር። ሔራን ደግሞ እየሳቀች ስለነበር ልትደርስባቸው አልቻለችም።

«ጣይቱ? አትዝጊ፣ አትዝጊ! ወድቃለች አላልሽም? እስቲ አሁን በይ!»