የስምንት ደቂቃ ፕላስተር

ስለ «የዓሣ ቀን» ባንድ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ በሁለተኛው ዓመታችን ድምፃችን ተለወጠ ይላሉ። ባለፈው ዓመት አንድ መነጽራም ወጣት በዚህ ጉዳይ ሁለት ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። ከባድና ዝግ ያለው ሙዚቃችን ድንገት ቀልጣፋ የሆነው፣ የዘፋኛችን የዴሚያን ድምፅም ከደረት ወደ ጉሮሮ የወጣው፣ ዘመኑ ራሱ ስለተጣደፈ ነው ብሏል። ሳነበው በሳቅ ልፈነዳ ነበር፤ ከዚያ አፈርኩ። ዘመኑ ምንም አላደረገም። ድምፃችንን የለወጠችው ከእናቴ የመድኃኒት መሳቢያ የወሰድኳት አንዲት ፕላስተር ናት።

የምንለማመደው በሩሲያዋ የፔርም ከተማ፣ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ። ሐሙስ በአገሩ ምግብ ቤት ሁሉ ከዓሣ በቀር የማይቀርብበት ቀን ስለነበር ስማችንን ከዚያ ወሰድን፤ ልብሳችንም ሽታውን ወሰደ። አራት ነበርን። አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ኦርጋን ይጫወታል፤ እኔ ቤዝ ጊታር እመታለሁ። ዴሚያን ሲዘፍን ድምፁ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር፤ የምግብ ቤቱ ሴቶች ሳህን ማጠባቸውን ትተው በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። መቅረጫው የእኔ ስለነበር የመቅዳቱ ሥራ ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ።

ስምንት ዘፈን ቀረጽን። ሰባቱ የዴሚያን ናቸው። የመጨረሻዋ፣ በከተማችን ወንዝ በካማ ስም የተጠራችው «ከካማ ማዶ»፣ የእኔ ናት፤ በሕይወቴ የጻፍኳት ዘፈን እሷው ብቻ ናት። ሲደመር ሃምሳ ሦስት ደቂቃ መጣ። ያን ጊዜ እንደ እኛ ያለ ባንድ ሸክላ ማሳተም አይታሰብም፤ ሙዚቃችን ከሰው ሰው የሚደርሰው በጥቅል ክር ነበር፣ አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ። በየቤቱ ያለው ጥቅል ደግሞ በአንድ ገጹ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ይይዛል፤ በሌላው ገጹ ሰው ሌላ ባንድ ይቀርጽበታል።

«ስምንት ደቂቃ ይተርፋል» አልኩት ዴሚያንን።

«እንደሚሆን አድርገው። የክሩ ጌታ አንተ አይደለህ? ካልገባ ይቅር» አለኝና ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ካልገባ የሚቀረው የመጨረሻው ነው። የመጨረሻዋ ደግሞ የእኔ ናት።

ቤቴ ገብቼ፣ ከጎረቤት ሁለተኛ መቅረጫ ተውሼ፣ የራሴን መቅረጫ ከፈትኩት። ክሩን የሚጎትት ቀጭን ዘንግ አለው። እሱን በፕላስተር ጠቀለልኩት፤ ዋናውን ክር በዚህ መቅረጫ እያጫወትኩ በተዋስኩት ላይ ገለበጥኩ። ዘንጉ ሲወፍር ክሩ ይፈጥናል፤ ክሩ ሲፈጥን ሃምሳ ሦስቱ ደቂቃ አርባ አምስት ይሆናል። ሆነም። ዘፈኔ እስከ መጨረሻ ቃሏ ገባች። የዴሚያን ድምፅ ግን ጢም እንዳላበቀለ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ፤ ሐዘንተኛ ዘፈኖቹም ዳንኪራ ሆኑ። ማን ያስተውለዋል ብዬ አሥር ቅጂ ሠራሁና በባቡር አስተናጋጆች እጅ ወደየከተማው ላክሁ።

በዓመቱ ወደ ቼልያቢንስክ ከተማ ጠሩን። አዳራሹ በተማሪ ጢም ብሏል። ዴሚያን በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ በዝግታው፣ ጀመረ።

«ዘፋኙን አምጡት!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ።

«ልጁ ታሞ ነው፣ አባቱን ልኳል!» አለ ሌላው። ሳቁ እስከ መድረኩ ደረሰ። ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ግማሹ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡር ላይ ዴሚያን የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

«ማታ አንድ ተማሪ ክሩን አሰማኝ፤ የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ» አለ በመጨረሻ። «የሕዝቡ መቅረጫ ሁሉ ይሮጣል ማለት ነው። ምን ይደረጋል፣ ሳቫ? ያገሩን መቅረጫ ሁሉ ከማስተካከል እኔን ማስተካከል ይቀላል።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«ስኳር ልጨምርልህ?» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መነጽራሙ ልጅ እንደጻፈው ነው። ዴሚያን በቀጭን ድምፅ መዝፈን ለመደ። ከበሮው ፈጠነ፤ ኦርጋኑ ወጥቶ ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ገባ፤ ነጭ ጫማ ገዛን። የመንግሥት ቁጥጥር ሲላላ ሸክላም አሳተምን፤ ስታዲየም ሙሉ ሰው አስጨፈርን። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደና ኦምስክ ከተማ፣ መድረክ ላይ፣ በዘፈን መካከል፣ የዴሚያን ድምፅ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደ።

«ይህ ጉሮሮ ለወፍራም ድምፅ የተፈጠረ ነው» አለች ሐኪሟ መብራቷን እያጠፋች። «ማን ነው እዚህ ያደረሰህ?»

«ሕዝቡ» አለ ዴሚያን። እኔ አጠገቡ ባርኔጣውን ይዤ ቆሜያለሁ።

ባንዱ ተበተነ። ዴሚያን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ፣ የአምስት ቁጥር ትሮሊባስ ነጂ ሆነ። ፌርማታ የሚጠራው በገዛ ድምፁ ነው፤ «ቀጣዩ፣ ማዕከላዊ ገበያ። ቀጣዩ፣ የወንዝ ወደብ።» አንዳንድ ቀን ጉዳይ ሳይኖረኝ ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ ያን ድምፅ ለመስማት። ከተሳፋሪው ማን መሆኑን ያወቀ የለም። በምን ያውቁታል?

ዘንድሮ ክሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላውና የከተማው የባህል ቤት ዝግጅት እናድርግላችሁ አለ። ዴሚያን እንቢ አለ። ሚስቱ ሪማ ደወለችልኝ።

«ሳቫ፣ ይሄን ሰውዬ አንድ በለው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይቆልፍና ይሞክራል። ያቺን ከፍተኛዋን ቃና ሊነካ ይልና ያስላል። ከዚያ ወጥቶ እኔን ይቆጣል፤ ድምፁን የበላሁት እኔ ነኝ?»

«መዝፈን አልፈልግም አላለም እንዴ?»

«አልፈልግም? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በናፍቆት ያለቀ ሰው ነው! ሰው ፊት ወጥቼ እንደታነቀ ዶሮ አልጮህም ነው የሚለው። አሁን ካልዘፈነ መቼም አይዘፍንም፤ እሱም ያውቀዋል።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ያቃተው ቀጭን ድምፅ መቼም የእሱ እንዳልነበረ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ብነግረው ምናልባት ይዘፍናል። ብነግረው ምናልባት ከእኔ ጋር ሻይ አይጠጣም። ካለኝ ወዳጅ ሁሉ የቀረኝ እሱ ነው፤ ፈራሁ።

መስከረም ነበር፣ ድንች የሚቆፈርበት ጊዜ። ከከተማ ውጭ ወዳለችው ጎጆው መቅረጫውንና የመጀመሪያውን ክር ተሸክሜ ሄድኩ። ዴሚያን አካፋውን ተደግፎ ስጎተት አየኝ።

«ድንቹ ሲያድግ ልትቀርጽ ነው? ዘግይተሃል፣ ሽማግሌ።»

በረንዳው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ ፕላስተሯ ጠቁራ እዚያው ዘንጉ ላይ አለች። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደቂቃውን፣ ቅጂውን፣ ባቡሩን፣ ስኳሩን። በቢላ ፕላስተሯን ልጬ ክሩን ለቀቅሁት። ያ የሃያ አምስት ዓመቱ ዴሚያን፣ ዝግ ብሎ፣ ከወለል ሥር መጣ። ሪማ የድንች ባልዲዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቀረች።

የመጀመሪያው ዘፈን እስኪያልቅ ዴሚያን አልተነቃነቀም።

«ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ትሮሊባስ ይነዳል።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ለምን?»

«ዘፈኔ እንዳትቀር።»

«ያቺ አንዷ?»

«አንዷ።»

«ብትነግረኝ እኮ ከእኔ ሰባት አንዷን አወጣልህ ነበር» አለና አካፋውን አንሥቶ ወደ ድንቹ መደብ ሄደ።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በረንዳው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሪማ ሾርባ አቀረበችልኝ፣ አልወረደልኝም። ዴሚያን እስከ ባቡሩ ሰዓት ቆፈረ። ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ፤ አንድ ከረጢት ድንች እግሬ ሥር አስቀምጦ ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት አልደወለም። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ «ሐሙስ የባህል ቤት ና፤ ጊታርህን ያዝ» አለኝና ዘጋ።

ስደርስ ሁለቱ ባልደረቦቻችን ገመድ ይዘረጋሉ፤ ኦርጋኑም ከየት እንዳመጡት እንጃ ተመልሷል። የቤቱ ኃላፊ የሆነችው ሴት ሰዓቷን እያየች፣ «በዝግጅቱ ዕለት አርባ አምስት ደቂቃ አላችሁ፣ ከእናንተ በኋላ የጡረተኞች መዘምራን አሉ» ብላ ሄደች። ዴሚያን የዘፈኖቹን ዝርዝር ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። በእውነተኛ ፍጥነታቸው ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ናቸው።

«ስምንት ደቂቃ ይተርፋል» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወጣና አንዷን ሰረዘ። አጎንብሼ አየሁ፤ ስታዲየም ያስጨፈረችውን፣ አገር ሁሉ በቃሉ የሚያውቃትን የራሱን ዘፈን ነው የሰረዘው። ከታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ «ከካማ ማዶ» አለች።

«አብደሃል? ሰዉ የሚመጣው ለእሷ ነው!»

«ሰዉ አንድ ጊዜ አዞኛል፤ ይበቃዋል» አለ። «ደግሞ ይቅር አላልኩህም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጊታርህን ቃኝ።»

የዝግጅቱ ዕለት በዚያ በወፍራም ድምፁ ሲጀምር አዳራሹ ጭጭ አለ። አብረው ሊዘፍኑ አፋቸውን የከፈቱት የእኛ ዕድሜ ሰዎች አፋቸውን ዘጉ። ካፖርት የሚያነሣ ሰው እየፈለግሁ በየረድፉ አየሁ። አንድም ሰው አልተነሣም። በአራተኛው ዘፈን ላይ ፊተኛው ረድፍ ያለች ሴት ጎረቤቷን፣ «ይሄ ድምፅ አምስት ቁጥር ላይ አለ እኮ!» ስትል ሰማኋት።

ሰባተኛው ላይ ደረስን። ዴሚያን ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋና በየቀኑ እንደሚያደርገው ተናገረ።

«ቀጣዩ፣ ከካማ ማዶ። የመጨረሻው ፌርማታ ነው። ግጥምና ዜማ የሳቫ።»

እስክጀምር ጠበቀኝ። የጊታሬ ክሮች በእንባ አልታይ ስላሉኝ በዳበሳ ጀመርኩ።