የወንበሩ ማንሻ

«ታዲያ ታክሲ ውስጥ የማይገባ ወንበር ምን ይሠራልናል? ጣሪያ ላይ አስረነው እንሂድ?» አለ ወንዱ ልጅ።

«አንተ ታክሲ፣ ታክሲ ትላለህ! ሐኪሙ ምን አለ? እግሩ አይንጠልጠል አለ። አይንጠልጠል! ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይንገርህ?» አለች እህቱ።

«በርጩማ ላይ ይቀመጣላ። እስከ ዛሬስ የት ነበር?»

«እስከ ዛሬማ በርጩማ ላይ ሆኖ ነው እንደ ሊጥ ኩፍ ያለው።»

የሕክምና ዕቃ መደብሩ ሻጭ በሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች መካከል ቆሞ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አንገቱን ያዞራል። የጠቡ መነሻ የሆነው አባት አግዳሚው ላይ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ የማያውቅ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አምፖል ሊቀይር ከወጣበት መሰላል ወድቆ ጉልበቱ ደቀቀ። ብረት ገባለት። ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ አልታጠፍ አለ፤ እግሩም ቁልቁል ከተንጠለጠለ ያብጣል።

«አባት፣ ለእርስዎስ የትኛው ይሻላል?» አለ ሻጩ።

«እኔማ ተሳፋሪ ነኝ፤ ሾፌሮቹን ጠይቃቸው» አለ በአገጩ ወደ ልጆቹ እያመለከተ።

ሚስቱ የራጁን ፖስታና ኮቱን ታቅፋ ከጎኑ ቆማለች። ልጆቿ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ከተስማሙ አንዱ ታሟል ማለት ነው። ስለዚህ ጭቅጭቁን አላዳመጠችም። ዓይኗ ያረፈው በከባዱ ወንበር ጎን ላይ ባለችው ትንሽ ጥቁር ማንሻ ላይ ነበር።

ሻጩ እንደገና ማስረዳት ጀመረ። «ይኼኛው ቀላል ነው፤ ታጥፎ የትም ይገባል፤ እግር ግን አያነሣም። ይኼኛው ከበድ ይላል፤ ማሳረፊያው ግን እግሩን ዘርግቶ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ለማንሣት ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው፤ ራሱ ጥርስ በጥርስ እየያዘ ይወጣል። ለማውረድ ግን በአንድ እጅ እግሩን ደገፍ፣ በሌላው እጅ ይችን ማንሻ ጫን።» በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ጣ! አለችና ማሳረፊያው ወረደ።

በአውራ ጣቱ! ሴትየዋ የራሷን አውራ ጣት በኮቱ ሥር ደበቀችው። በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስንት ዘመን አንሶላ ስትጨምቅና ስትተኩስ ኖራ፣ የጣቶቿ መጋጠሚያዎች አብጠው እያንዳንዱ ጣት በየፊናው ዞሯል። የጠርሙስ ክዳን እንኳ የሚከፍትላት ባሏ ነው። «እኔ እጅሽ፣ አንቺ እግሬ፤ ሁለት ሆነን አንድ ሰው አንሞላም» ይላታል ክዳኑን እየመለሰላት።

«እማዬ» አለች ልጅቷ በድንገት፣ «ቀን ቀን አብረሽው የምትውይው አንቺ ነሽ። ይኼን ማንሻ ትችይዋለሽ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ጥያቄው የማንሻ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ባለፈው ሰሞን ልጅቷ ቁርጡን ተናግራለች፦ እናቷ ካልቻለች አንድ ጎበዝ አስታማሚ ይቀጠራል፤ አስታማሚው ሌሊትም ስለሚያስፈልግ እዚያው ክፍል ያድራል፤ ቤቱ ደግሞ ያለው ሁለት መኝታ ክፍል ነው፣ አንዱ የወንዱ ልጅ። እናት ከከተማው ማዶ ሴት ልጇ ቤት ሄዳ «ትንሽ አረፍ ትላለች»። ዕረፍት የሚለው ቃል እንዲህ አስፈርቷት አያውቅም። ከተጋቡ ጀምሮ ከዚያ ሰው አጠገብ ያላደረችው፣ ወልዳ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ብቻ ነው።

ኮቱን ባሏ ጭን ላይ ጣለችና ጎንበስ አለች። የመዳፏን ሥር ማንሻዋ ላይ አሳርፋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነች። ወንበሩ ባዶ ነበር። ጣ!

«እችላለሁ» አለች ቀና ብላ። «ምን አላት ይቺ?»

ባሏ እጇን አየ፤ ከዚያ የመደብሩን ጣሪያ አየ። ከባዱ ወንበር ተገዛ።

ቤት ሲደርሱ ወንዱ ልጅ ያለው እውነት ሆነ፤ እግሩ ተዘርግቶ ሲነሣ ወንበሩ የጭነት መኪና አከለ። ጠረጴዛውን ከመኝታ ክፍሉ አውጥተው፣ አልጋዎቹን ግድግዳ አስታከው፣ በሩን ደጋግመው ገጭተው ነው ያስገቡት። ባልየው ግን ከወደቀ ወዲህ ያን ቀን ነፍስ ዘራ። ሁለቱን ጎማዎች ያዘና አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣

«ረዳት! ከኋላ ምን አለ?» ብሎ ጮኸ።

ከተጋቡ ጀምሮ ረዳት እያለ ነው የሚጠራት። ልጆቹ በልጅነታቸው የእናታቸው ስም ይመስላቸው ነበር።

«ቁም ሣጥን!» አለች። «ና... ና... ቀኝ ስበር... ና... በቃ!»

«ይኼ ነው ረዳት! ትኬት ቆርጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ያላስከፈልኩት አንተን ብቻ ነው።»

ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ምን ነበረበት?

በማግስቱ ጠዋት ወንዱ ልጅ ወደ ስልክ ጥገና ሱቁ ሲሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሽንት ቤት ለመሄድ እግሩ መውረድ ነበረበት። በመዳፏ ሥር ተጫነች፤ አልነቃነቅ አለ። በባዶው ወንበር ላይ ቅቤ የነበረው ማንሻ የእግሩ ክብደት ሲያርፍበት ድንጋይ ሆነ። በክርኗ ሞከረች። በሁለት እጇ ሞከረች፤ ያን ጊዜ ደግሞ እግሩን የሚደግፍ እጅ የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጣቶቿን እንደ ሰው ዕቃ አየቻቸው።

«ተይው፤ ልጁ እስኪመጣ እቆያለሁ» አላት።

«ሽንትህስ?»

«እሱንም አቆየዋለሁ።»

ማቆየት እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና ረጅሙን የእንጨት ማማሰያ ይዛ ተመለሰች። እጀታውን ማንሻው ላይ ተከለች፤ ሌላውን ጫፍ ብብቷ ሥር ይዛ ተደገፈችው፤ ግራ ክንዷን ተረከዙ ሥር ሰደደች። ጣ! እግሩ ክንዷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አማሰልሽኝ እኮ!» አለ።

«ዝም በል፤ ገና አልበሰልክም።»

ከዚያ ወዲያ ማማሰያው ፍራሽ ሥር የሚኖር ሆነ። ልጆቹ በር ሲያንኳኩ እንደ ሌባ ይደብቁታል። ልጅቷ በስልክ፣ «እማዬ፣ ማንሻው አስቸገረሽ?» ስትላት «የቱ ማንሻ?» ትላለች፤ ባልየው ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። እግሩም እየጎደለ መጣ። ከእብጠቱ ሥር ጠፍቶ የነበረው የቁርጭምጭሚቱ አጥንት አንድ ቀን ብቅ ብሎ ስታየው፣ እንደ ጠፋ ዘመድ በጣቷ ዳሰሰችው። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ወንበሩ ደግ ወንበር ነው።

ነገሩ የሆነው እሑድ ቀን ነው። ልጅቷ መጥታ ከወንድሟ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ስለ ቴሌቪዥኑ ይጨቃጨቃሉ። ባልየው ጀርባው ደክሞት ወደ አልጋው መሄድ ፈለገ።

«ልጁን ልጥራልህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ሲደረግ! ረዳቴ እያለች?»

ያን ቃል ባይላት ትጠራው ነበር። ማማሰያውን አወጣች። ጠዋት አጥባው ስለነበር እጀታው አልደረቀም፤ እሷም አላየችውም። ተከለች፤ ተደገፈች፤ እንጨቱ አዳለጠ። ወደፊት ስትወድቅ ክንዷ ከተረከዙ ሥር ወጣና ሁለት እጇ ማንሻው ላይ አረፈ፤ በሙሉ ክብደቷ። ጣ አላለም፤ ማሳረፊያው ከነእግሩ ግው ብሎ ወረደ።

ባልየው ሲጮህ የራሱን እጅ ነክሶ ነበር፤ ድምፁ ግን በጣቶቹ መካከል አምልጦ ወጣ። ልጆቹ ተጋፍተው ገቡ። ወንዱ እግሩን አነሣ፤ ሴቷ አባቷን ደገፈች። እናታቸው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቀረች። ሁሉም ሲረጋጋ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከጎማው ሥር ያለውን ነገር አነሣች።

«ይኼ ማማሰያ እዚህ ምን ይሠራል?»



«እኔ ነኝ ያስመጣሁት» አለ አባትየው፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ። «ጀርባዬን ልክበት ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ወንዱ ልጅ ማንሻውን፣ ማማሰያውን፣ የእናቱን እጅ በየተራ አየ። «ብያችሁ ነበር» ይላል ብላ እናቱ ጠበቀች፤ ቢላት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ያልታጠፈ ብርድ ልብስ አንሥቶ አጠፈ።

«ወንበሩን ብንመልሰውስ?» አለች እናት። «ያንን ቀላሉን ብንወስድ... በርጩማውን እኔ ከእግሩ ሥር አልለየውም። ትራስ እደርብበታለሁ።»

«እማዬ፣ እግሩን እዪው» አለች ልጅቷ። በቁጣ አልነበረም። «እብጠቱ ጠፋ እኮ። እንደገና ያብጥ?»

አየችው። ቁርጭምጭሚቱ እዚያው ነው፣ ንጹሕ፣ ደረቅ። ልጇ ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት? ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል። ከእውነት ጋር ምን ይባላል?

የቀረው ነገር ኮሪደር ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ተወሰነ። ልጆቹ በዚህ ጉዳይ ላይ ተስማሙ።

«እኔ አልተስማማሁም!» አለ አባትየው ከውስጥ።

«አባዬ፣ ለእሷም እኮ ነው» አለች ልጅቷ በር ላይ ቆማ። «ማማሰያው ብብቷን ምን ያህል እንዳጠቆረው አይተሃል?»

አላየም ነበር። ሚስቱን አያት፤ እሷ ነጠላዋን ወደ ክንዷ ሳበች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልተናገረም።

አስታማሚው የመጣው በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጨዋ፣ አውራ ጣቱ እንደ በር መቀርቀሪያ። ማንሻውን አንድ ጊዜ አሳዩት፤ ሁለተኛ ማሳየት አላስፈለገም። ሻንጣውን በእሷ አልጋ ላይ አስቀመጠ፤ አንሶላውን ሌሊት ራሷ ነበረች የቀየረችለት። ማማሰያውን ወጥ ቤት ወስዳ አጥባ፣ ከሌሎቹ ጋር ሰቀለችው።

ባልየውን ወደ ፀሐይ እናውጣው ተባለ። ወንበሩ ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የተዘረጋው እግር ግድግዳውን ነካ፤ ጠቡ ተነሣ።

«ወደ ኋላ መልሰው፣ በጀርባው ይውጣ!» አለ ወንዱ።

«በጀርባው ከወጣ ደረጃዋን በምን ያያል? ማሳረፊያውን ትንሽ ዝቅ አድርገው!»

«ዝቅ አይደረግም ያልሽው ራስሽ አይደለሽም?»

«አይንጠልጠል አልኩ እንጂ ግድግዳ ይቅደድ አልኩ?»

ታክሲው ከበሩ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ልጅቷ እናቷን ማታ ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ታገኛታለች፤ መንገዱን ለባለታክሲው ነግራዋለች። እናትየዋ ልብሷን የያዘች ትንሽ ቦርሳ ይዛ ከወንበሩ ወዲህ ቆመች። የተዘረጋው እግር ኮሪደሩን ከግድግዳ ግድግዳ ዘግቶታል፤ እሱ ከወዲያ ነው። ፊቱን አላየችውም፤ የልጇ ትከሻ ጋርዶታል። ሲጨርሱ ትሰናበተዋለች ብላ ትንሽ ቆየች። አልጨረሱም። ጥሩምባው ደገመ።

በወጥ ቤቱ በር ወጣች። በጓሮ ዞራ ከመስኮቱ ሥር ስታልፍ ጎማው ሲንቋቋ ሰማች።

«ረዳት!» አለ ድምፁ ከውስጥ። «ከኋላ ምን አለ?»

እግሯ ቆመ። ከንፈሯ ተላቀቀ።

«ምንም የለም አባቴ» አለ አስታማሚው። «ይምጡ፣ ይምጡ።»

ባለታክሲው ቦርሳዋን ተቀብሎ በሩን ከፈተላት፤ ከገባች በኋላ እሱው ዘጋላት።