ያልተጣመመ ሳንቃ

በ1959 ዓ.ም. ነጌሌ ላይ ሒሳብ ያስተምር የነበረው ሙሉነህ በጎረቤቱ በአስር አለቃ ጉግሳ የቀናው በአንዲት የቆርቆሮ መኪና ምክንያት ነው። ሁለቱም ከሥራ መልስ ከሰርዲን ጣሳና ከክብሪት እንጨት ትንንሽ የጭነት መኪና ይሠራሉ። የጉግሳዋ በአራት ጎማዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የሙሉነህ ግን አንዱን ጎማ አንጠልጥላ ትቀራለች።

«የጉግሳን አየሃት? የሜጋን መንገድ የምትመላለሰውን የጭነት መኪና ቁርጥ እኮ ናት!» አለች ሚስቱ በዛብሽ።

ክፉ አስባ አልነበረም። እሱ ግን ምሳውን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ የሚሠራበት ነው። በጎበጠ የሻንጣ ክዳን ላይ የተሠራች መኪና እንዴት ቀጥ ብላ ትቆማለች? ጉግሳ ከጦር ሰፈሩ ጋራዥ የተጣለ፣ ለጥ ያለ ዝርግ ብረት አለው። ሙሉነህ በዚያ ብረት ቀንቶ አዲስ ሳንቃ ቢያሠራ ፀሐዩ በሳምንቱ እንደ ቀንድ አጎበጠው። ተናዶ ይዞት ወደ አናጢው ወደ ዓብዱልሀኪም ሄደ።

«አካም፣ ጋሼ ሙሉነህ? ናጋ?»

«ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ! ይኸን ተመልከተው።»

አናጢው ሳቀ። «እርጥብ ነው ብልዎት እርስዎ አጣደፉኝ። አሁን አዲስ አይፈልጉ፤ አሮጌ በር ይፈልጉ። ዓመታት የደረቀ እንጨት ከእንግዲህ ወዴት ይጣመማል?»

ሙሉነህ ቤቱ ገብቶ ማስመሪያውን በጓዳው በር ላይ በጠርዙ አቆመና በሥሩ አጮለቀ። ብርሃን አላሳለፈም፤ በሩ ለጥ ያለ ነው። በዛብሽ ከገበያ ስትመለስ በሩ በሁለት ሣጥን ላይ ተጋድሟል፤ ጓዳዋም በአሮጌ አንሶላ ተጋርዷል። ሦስት ቀን አኮረፈችው።

በሳምንቱ ጉግሳ ሊጠይቃቸው መጣ። አዲሷ መኪና በአራት ጎማዋ ቆማለች። እሱ ግን መኪናዋን ትቶ ከሥሯ ያለውን ሳንቃ ዳበሰ። የተለጠፉት የሌላ መኪና ክፍሎች ኮላው እስኪደርቅ በሳንቃው ላይ በተሰኩ ስፒሎች ተይዘዋል።

«ብረት ላይ ስፒል አይሰካም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ በድንጋይ ነው የምደግፈው፤ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ይኸን ከየት አገኙት?»

ሙሉነህ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ዓመት ሙሉ የገዛ ራሱ ነበር። ደስ አለው።

«ከአዲስ አበባ አስመጥቼው ነው።»

«የጓዳዬን በር ነቅሎ ነው!» አለች በዛብሽ ከመጋረጃው ኋላ።

ጉግሳ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሙሉነህ አፍሮ አቀረቀረ፤ ኋላም «ሰፊ ነው፤ በዚያኛው ጫፍ ይሥሩ» አለው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። የጉግሳ ጎማዎች አሁንም ከሙሉነህ ጎማዎች ይልቅ ክብ ናቸው፤ እሱም በጎን እያየ ይቀናል። አንድ እሑድ ግን «እንዴት አድርገው ነው የሚቆርጡት?» ብሎ ጠየቀው።

ጉግሳ መቀሱን አቀበለው።