ይቆይ

«ይቆይ ያላችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኛም ቆየን!» አለ የቤት ገንቢው ድርጅት ተወካይ፣ ጫካው ጠርዝ ላይ ቆሞ። «ነገ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ። ከዚያ ዛፉ ተቆርጦ ግንባታው ይጀመራል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ የገዛ እጇን ሥራ አየች። ሁለት ዛፎች መሃል በተወጠረው ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ከቀይ ጨርቅ ቆርጣ የሰፋቻቸው ፊደሎች «ጫካችን ይቆይ» ይላሉ። ቃሉን የመረጠችው እሷ ናት። እንዳለ ይኑር፣ አይነካ ማለቷ ነበር። ሰውየው ግን «ትንሽ ታገሡን» የተባለ አስመስሎ ክረምቱን አሳለፈና ይኸው መጣ።

«ለደንበኛ የምትይውን ለጫካው አልሽው አይደል?» አለ ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው። «'ቀሚስሽ ይቆይ፣ ነገ ነይ!'»

ሰው ሳቀ። እሷ ግን ወገቧም ልቧም ዝሎ ወደ ቤቷ አቀናች።

ቤት ስትገባ ልጇ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አልጋው፣ የስፌት መኪናው፣ የልጇ ባልና እነሱ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ልጇና ባሏ ጫካው ላይ ከሚሠሩት ቤቶች አንዱን ለማግኘት ተመዝግበዋል። ልጇ ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ እንኳ ቀድማ ገዝታለች።

«እማዬ፣ እውነት ዛፍ ከእኛ ይበልጥብሻል?»

«ኧረ አፌ ቁርጥ ይበል! አንቺን ያሳደግኩሽ እኮ እዚያ ጥላ ሥር ነው። የክረምቱን ጎርፍስ ማን የሚያቆመው መሰለሽ?»

«እኔስ ልጄን የት ላሳድገው? መኪናሽ ሥር?»

ልጅቷ እውነቷን ነው፤ የሚያመውም እሱ ነው።

አዲስ ቃል መስፋት አለባት፤ ቀዩ ጨርቋ ግን አልቋል። መጋረጃውን አነሳች። ልጇ ልትቆርጠው መስሏት ከአልጋው ተነሳች። እናት ግን መኪናው ላይ ዘርግታ ጠርዙን ሰፋች፣ አጣጥፋም ሰጠቻት።

«መጋረጃሽ ይኸው። መስኮቱን ግን ሌላ ቦታ ፈልጉለት፣ እኔም አብሬ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ የክት ቀሚሷን አወጣች። ቀይ ነው። «ለደግ ቀን ይቆይ» እያለች አንድም ቀን አልለበሰችውም።

«እማዬ! እሱንማ አትቁረጪው፤ ይቆይ እንጂ!»

«በቃኝ፣ ልጄ። ይቆይ ማለት በቃኝ» አለችና ከወገቡ ላይ መቀሱን አስገባች። ነገ ጠዋት ጨርቁ ላይ የሚነበበው «አይቆረጥም» ነው።